ዓይን ያጠፋል የተባለው መርፌ

ሹፌሩ የኢንሱሊን መርፌውን እንደ ጨበጠ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ይመላለሳል። «ዓይን ያጠፋል ሲሉ በስልኬ ሰማሁ» አላት ሴት ልጁን። «ዓይኔን ካጣሁ መሪ ጨብጬ የት እደርሳለሁ?»

ልጁ አልተከራከረችውም። በጤና ጣቢያ አባቷን ለምትከታተለው ነርስ ደወለችና ሁለቱም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ሹፌሩ የሰማውን ነግሮ እውነት እንደሆነ ጠየቃት።

«እንኳን ጠየቁኝ አባባ» አለች ነርሷ። «ዓይን የሚጎዳው መርፌው ሳይሆን ያልታከመ ስኳር ነው። ለመሆኑ ከተወጉ ቆዩ?»

ልጁ፣ አባቷ መርፌውን የፈራው ዛሬ ብቻ መስሏት ነበር። እሱ ግን ዓይኗን ሸሽቶ፣ «ሳምንት አለፈኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰሞኑን... የፊቴ መኪና ታርጋ እየደበዘዘብኝ ነው።»

«አሁኑኑ ይምጡ። እንዳይነዱ ግን።»

ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በልጁ መዳፍ ላይ አኖረና ጫማውን መፈለግ ጀመረ።