የአናት ቅቤ ታሪፍ

የቤት ደጃፍ ሁሉ ድንበር ነው ተብሎ ከታወጀ ወዲህ፣ የታሪፍ ኮድ ያልተሰጠው ነገር የማንንም ደፍ አያልፍም። የስንዱ እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ልጃቸው ጋ ሊከርሙ ከደጀን የመጡት አናታቸውን ቅቤ ተለቅልቀው ነው። በሩ አላስገባም አላቸው።

«ቅቤው የምግብ ነው የመዋቢያ?»

«ምን አገባህ? ልትልሰው አማረህ?»

ስንዱ ሃያ ዓመት የሰው ዕቃ ከጉምሩክ እያስለቀቀች በትራንዚተርነት የሠራች ናት። «የመዋቢያ ነው በዪው፣ እማዬ! የምግብ ካልሽ የጤና ሰርተፍኬት አምጪ ይልሻል» አለች ከውስጥ።

«እሺ፣ የመዋቢያ!»

በሩ መዘገበና «ማሸጊያው ይመለሳል ወይስ እዚሁ ይቀራል?» ሲል ጠየቀ።

ስንዱ ከበሩ ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ እጇ እንደለመደው «ይመለሳል» የሚለውን ነካች፤ ተመላሽ ማሸጊያ ቶሎ ያልፋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ማሸጊያው እኔ መሆኔ ነው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ዘንቢላቸውን አነሱና ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።

«ይኸው፣ ተመለሰልሽ!»