በቀለም የተሳለው በር

ነብዩ አሶሳ ላይ ለኤግዚቢሽን ያቆመው «የወደፊቱ ባጃጅ» ለእይታ ብቻ የተሠራ ነው። ሞተር የለውም፤ ውስጡ እስከ ጣሪያው በፎም የተሞላ ሲሆን በሩም በጥቁር ቀለም የተሳለ ቀጭን መስመር ነው። ንድፉን ያወጣው የባጃጅ ሹፌሩ ጉዲና ነበር። በኮምፒውተር እንዲያሳምርለት ለነብዩ ሰጠውና ክረምት ላይ ሞተ። አሁን ከሞዴሉ ሥር የተጻፈው የነብዩ ስም ብቻ ነው።

የጉዲና ሚስት ቢሊሴ መጥታ ሞዴሉን ዞራ አየችው።

«ስሙን ጻፍለት» አለችው። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ነብዩ ፈገግ አለ። «እትዬ ቢሊሴ፣ ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?»

«እንግዲያው ራሱን ጠይቀው።»

ሞዴሉን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከውስጥ ጉዲና ገበያው በር ላይ ባጃጁ ሊሞላለት ሲል ይጣራበት የነበረው ድምፅ ተሰማ።

«አንድ ሰው ቀረኝ።»

ነብዩ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ድምፅ ማጉያ ፈለገ። ምንም የለም። ቀና ሲል የተሳለው በር ተከፍቷል።

ቢሊሴ መንገድ ለቀቀችለት።

«ግባ እንጂ» አለችው፤ «ሰው እየጠበቀህ ነው።»