አንድ ፍላሽ ለአስራ አንድ ደንበኛ

ሲስተር ጥሩነሽ ከገለምሶ ጭሮ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋ ያመጣችውን ኮምፒውተር ከነጠላዋ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ቁጭ እንኳ ሳትል፣ «ኩማ፣ ሰዎቼ ጠፉ!» አለች።

«የምን ሰዎች?»

«በሽተኞቼ ናቸዋ! የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱት መቶ ሰማንያ ስድስቱ። ማን መቼ እንደጀመረ፣ ማን ስንተኛ ወሩ ላይ እንደደረሰ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነበር። የወረቀቱን መዝገብ ክረምት ላይ የጤና ጣቢያው ጣሪያ አፍስሶ አበሰበሰው። ነገ ጠዋት መድኃኒት እናድላለን። ለማን ምን ልስጥ?»

ኩማ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ሱቁ፣ ሲስተር ጥሩነሽን ጨምሮ፣ ለአስራ አንድ ደንበኞች ኮምፒውተር ይጠግናል። ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ነገር ሠርቻለሁ ብሎ ነበር። ድሮ እያንዳንዱ ደንበኛ ያገኘውን አንቲቫይረስ ይጭናል፤ አንዱ ጊዜው ያለፈበት፣ ሌላው ሁለት ባንድ ላይ ጭኖ እርስ በርስ ሲናከሱ ኮምፒውተሩ ሲያቃስት የሚውል። ኩማ ሰለቸውና «ከእንግዲህ ሁላችሁም አንድ ዓይነት!» ብሎ አወጀ። ሦስት ሞክሮ ብዙ ቫይረስ የገደለውን መረጠ። ሣጥኑ ቀይ ስለሆነ «ቀዩ» ይለዋል።

ኢንተርኔት ደግሞ ከጭሮ ወጣ ሲሉ የለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ የቀዩን የሳምንት ማደሻ በፍላሽ ገልብጦ ለሚኒባስ ሾፌሩ ለአብዶ ይሰጠዋል። አብዶ በደሳ ከተማ ላሉት ያደርሳል፤ እነሱ በየተራ ሰክተው ሲጨርሱ ገለምሶ ይወስዳል፤ መልሶ ያመጣል። ኩማ በዚህ አሠራሩ ልቡ እስኪያብጥ ይኮራ ነበር።

ኮምፒውተሩን ሰክቶ አበራው። ቀዩ ብቅ አለና አርባ ሰባት ቫይረስ መደምሰሱን አበሰረ።

«አዩ ሲስተር? አርባ ሰባት ገድሏል!»

«እኛ ጋ ስንት ገደልሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስንት ዳነ ነው የሚባለው። ሰዎቼ የት አሉ?»

ኩማ የበሽተኞቹን ፎልደር ፈለገ። ፎልደሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ቆዩ ብሎ ጠዋት አብዶ የመለሰለትን ፍላሽ አነሳና ከሞከራቸው ሦስቱ ሁለተኛውን አንቲቫይረስ፣ አረንጓዴውን፣ ሊገለብጥበት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። እዚያው ላይ ካለፈው ወር ወዲህ አጥፍቶት የቆየውን አረንጓዴ መልሶ ቢያበራው ወዲያው ጮኸ። ቫይረስ አግኝቷል። ኩማ ስሙን አነበበና ወደ ሲስተር ኮምፒውተር ዞረ። ቀዩ አርባ ሰባት ጊዜ የጻፈው ስም ራሱ ነው። በደሳ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የከፈተችው ደንበኛው ሀሊማ ሐሙስ ዕለት ደውላ ያማረረችውም ይኸው ነው።

«ይሄ ፍላሽ ሁሉም ጋ ነው የሚሰካው?» አለች ሲስተር ጥሩነሽ ቀስ ብላ።

«አዎ። አስራ አንዱም ጋ።»

«ከአንዱ ወደ አንዱ? መሐል ላይ ሳይጸዳ?»

«አዎ…»

«በሞትኩት! አንድ መርፌ ለአስራ አንድ ሰው? እኛ ብናደርገው እኮ ዘብጥያ ነው የምንወርደው!»

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አለ ኩማ፤ ፊቱ ጋለ። መድኃኒት ላክሁ እያለ ለካ በየሰኞው በሽታ ነበር በሚኒባስ ሲያሳፍር የከረመው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«በኋላ ትጸጸታለህ። አሁን ሰዎቼን ፈልግ» አለችው።

ወንበሩን ሳበ። «ይሄ ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ የውሸት ያስቀምጣል። ቀዩ የገደለው የውሸቱን ነው። እውነተኛው ካለ እዚሁ ተደብቋል።» ደግሞ፣ «ካለ» አለ።

ቀዩን ከኮምፒውተሯ ነቀለ። አረንጓዴውን ጫነ፤ አሁን በፍላሽ ሳይሆን በሲዲ፣ ምክንያቱም አንዴ ተጽፎ የተዘጋ ሲዲ ለሌላው ይሰጣል እንጂ ከማንም ምንም አይቀበልም። አረንጓዴው ቀርፋፋ ነው። እያንዳንዱን ፋይል እያገላበጠ፣ የታመመውን እያከመ፣ ማጥፋት ሲያምረው እየጠየቀ ይሄዳል። ኩማ ባለፈው ወር የጣለው በዚሁ ቀርፋፋነቱ ነበር። ውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ገለምሶ! ገለምሶ የመጨረሻ!» እያለ ይጣራል፤ ሲስተር ጥሩነሽ ግን ንቅንቅ አላለችም።

አረንጓዴው ሲጨርስ ኩማ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ የተደበቀውን የምታወጣ አንዲት መስመር ጻፈ። «ጌታ ሆይ» አለና ኢንተርን ተጫነ።

ምንም የለም።

ከዚያ አንድ ቢጫ ፎልደር፣ ማንም ሳይነካው፣ ባዶው ቦታ ላይ ብቅ አለ።

«እልልል!» አለች ሲስተር ጥሩነሽ፤ ገፋ አድርጋው ራሷ ከፈተችው። ስሞቹ መጡ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች በለሆሳስ ትቆጥራቸው ጀመር። «አብዱላሂ፣ አምስተኛ ወር፣ አንድ ቀርቶታል። እሴት፣ ሁለተኛ ወር፣ ከተራራው በእግሯ ነው የምትመጣው። ቢራቱ፣ ሊያቋርጥብኝ ሲል ቤቱ ድረስ ሄጄ ነው የለመንኩት… አልሰማህም፣ እሺ?»

«አልሰማሁም።»

ኩማ ይህን ኮምፒውተር አራት ጊዜ ፈታቶ ገጥሞታል። አቧራውን አራግፏል፣ ዳታ ሞልቷል ብሎ ተቆጥቷል። መቶ ሰማንያ ስድስት ሰው በእጁ ስር እንደነበር ግን አንድም ቀን አልታየውም። በዚህች ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ እየተነፈሱ፣ እያሳላቸው፣ ነገን እየጠበቁ! ኩማ ሳያስበው ከወንበሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ሆንክ? ቁጭ በል እንጂ» አለችው፣ ዓይኗን ከስሞቹ ሳታነሳ።

«ሰዎችዎ ይለፉ መጀመሪያ» አለ ኩማ።