የስሜን ስንቅ

መሳፍንት የተቀቀለውን እንቁላል ልጦ፣ ጨው ነካ አድርጎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሻይ ያመጣችልን ሴት ትሪዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች።

«ነነዌ አይደለም እንዴ ዛሬ?» አለች፤ ለእሱም ለእኔም ሳይሆን ለእንቁላሉ።

ባለቤቴ እንቁላሉን አፉ ደጃፍ ላይ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ እናቱ ዞርኩ። አማቴ እማማ ሥራነሽ የደምበጫን መንገድ ይዘው የሚያልፉትን ፈረሶች ይመለከታሉ። ከእኛ ጋር የመጡም አይመስሉም።

ጉድ ፈላ። የሰኞ ቁርሳችንን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ እንቁላል፣ ቅቤ የጠጣ ፍርፍር፣ አይብ። በረዶ በሞላው ሳጥን ውስጥ ደግሞ የሁለት ዶሮ ወጥና አንድ ላስቲክ ቋንጣ አለ። እስከ ስሜን ተራሮች ፓርክ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ፣ ምን መቼ የት እንደሚበላ በሠንጠረዥ አውጥቼ ሳጥኑ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሠንጠረዥ እወዳለሁ። ሁዳዴ ሳይገባብን ሥጋችንን እየበላን ዋልያ እንይ ብዬ፣ ከሁዳዴ ወደ ኋላ ቆጥሬ፣ ልክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያለውን ሰኞ መረጥኩ። ረቡዕን እንኳ አልረሳሁም፤ ሽሮ ብዬ ጽፌበታለሁ። ነነዌ የምትባል የሦስት ቀን ጾም በየዓመቱ በዚያችው ሰኞ እንደምትገባ ግን፣ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር፣ ዘነጋሁት።

አፈርኩ። ካገባሁ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል፤ እማማ ሥራነሽ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ የሙገሳ ቃልም እንደዚያው። ይህን ጉዞ ያሰብኩት ለእሳቸው ነው። አምስት ልጅ ያሳደጉ፣ ለቅሶና ንግሥ ካልሆነ ከደብረ ማርቆስ ወጥተው የማያድሩ ሴት ናቸው። ሦስት ጊዜ ቀጥረን ሦስት ጊዜ ቀረ፤ አንዴ መኪናው ተበላሸ፣ አንዴ ዘመድ ሞተ፣ አንዴ መሳፍንት ፈቃድ ተከለከለ። አራተኛው በእኔ ጥፋት ሊቀር ነው።

መሳፍንት እንቁላሉን ሳህኑ ላይ መልሶ እጁን ጠረገ። ገና አንድ ሰዓት ነው የነዳነው፣ ተመልሰን ሌላ ጊዜ ብንሄድስ አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የባሰኝም እሱ ነው። እናቱን እዚያ ብርድ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሦስት ቀን ምን ሊያበላቸው እንደሚችል ጠየቀኝ።

እማማ ሥራነሽ ያን ጊዜ ፈረሶቹን ተዉ። ቁርሱን አንድ በአንድ ከድነው ወደ ሳጥኑ መለሱ። ቀጥለው ከኋላ ወንበር ሥር አንድ የዱቄት ከረጢት ጎትተው አወጡና ኮፈኑ ላይ ፈቱት። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ቅቤ ያልነካው ድርቆሽ፣ በጠርሙስ የኑግ ዘይት። የአንድ ሰው ስንቅ አይደለም። ለሦስት ሰው፣ ለሦስት ቀን የሚበቃ ነው፤ መቁጠር ሥራዬ ስለሆነ ወዲያው አየሁት።

«እማማ፣ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ትናንት ቅዳሴ ላይ ቄሱ ተናግረዋል።»

ትናንት ማታ እኮ ዶሮውን ስሠራ ጎኔ ተቀምጠው ሽንኩርቱን የላጡልኝ እሳቸው ናቸው። እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ቁሌቱን በደንብ እንዳበስለው መክረውኛል። ስለ ጾም ግን ትንፍሽ አላሉም። ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው አይናቸውን ከከረጢቱ አላነሱም።

«ብነግራችሁ ትተዉት ነበራ» አሉ። «ስንት ጊዜ ነው ልብሴን ሸክፌ የምፈታው?»

ቀጥለው ያንን ወረቀትሽን አንብቢልኝ አሉኝ። ከክዳኑ ልጬ አነበብኩላቸው፤ እሳቸው ይፈርዳሉ፣ እኔ እሰርዛለሁ። የሰኞ ቁርስ ወጣ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሶ ገባ። የማክሰኞ ቋንጣ ወጣ፤ ድርቆሽ በዘይት ገባ። የረቡዕ ሽሮዬ ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ይቺ ደህና ናት ብለው አለፏት። በዓመት ከአራት ወር ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ሙገሳ ነው፤ በሽሮም ቢሆን ደስ አለኝ።

ቀረ ዶሮው። መሳፍንት ለሰው እንስጠው አለና በነነዌ ማን ሊቀበለው ብሎ ራሱ ተወው።

«ውሃ የሚያረጋ ብርድ ነው ስትሉኝ አልነበረም?» አሉ እማማ ሥራነሽ። «ብርዱ ያቆየዋል። ሐሙስ ተራራው ላይ ሆነን እንፈስክበታለን።»

መሳፍንት ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ መመለሻችን እንደሆነ፣ ዓርብ ጠዋት መሥሪያ ቤት እንደሚጠብቀው አስረዳቸው። «ታዲያ ደውልላቸዋ» አሉት። ምን ብሎ እንደሚደውል ሲጠይቃቸው የራሱ ጉዳይ ነው በሚል ዓይን አይተውት ከረጢታቸውን ማሰር ጀመሩ።

ስልኩን አውጥቶ አለቃውን ምን ልበለው ይለኛል። እናቴ ዋልያ ማየት ፈለገች በል እለዋለሁ። እንዲህ ስንከራከር ሻይ ያመጣችው ሴት በአገጯ ወደ መኪናው አመለከተችን። እማማ ሥራነሽ ገብተዋል፤ ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ የእኔ ቦታ ላይ። በሩን ዘግተው፣ የወንበሩን ቀበቶ ከየት ወዴት እንደሚስቡት እየፈለጉ ነው።