ያልወጣው ጥያቄ

የሒሳብ መምህሯ አራተኛውን የፈተና ወረቀት እንዳነሣች እጇ አየር ላይ ቀረ። ይህም ተማሪ እንደ ሦስቱ ጓደኞቹ ለፍፁም ዋጋው ጥያቄ «ሰባት እና ኔጌቲቭ ሦስት» ብሎ መልሷል። መልሱ ዐሥር እና ኔጌቲቭ ሁለት ነበር። መሳሳትስ ያለ ነው፤ ግን በሰልፍ እንኳ ተስማምተው የማያውቁ አራት ልጆች እንዴት በአንድ ስሕተት ተስማሙ?

«ምነው እታለም፣ ደነገጥሽ? ሁሉም መቶ ከመቶ ደፈኑ እንዴ?» አለች ፊት ለፊቷ ብርቱካን የምትበላው፣ ዐሥር ዓመት የምታውቃት ባልንጀራዋ። አራቱንም ከሰዓት በኋላ የምታስጠናቸው እሷ ነች። መምህሯ ባዶ ወረቀት ሳበችና ክፍል ውስጥ እንደምታስተምረው ከልጆቹ መልስ ተነሥታ ወደ ጥያቄው ማስላት ጀመረች። የሰባት እና የኔጌቲቭ ሦስት መካከል ሁለት ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ደግሞ አምስት። የኤክስ ሲቀነስ ሁለት ፍፁም ዋጋ፣ እኩል ይሆናል አምስት። ጽፋ ስትጨርስ ጥያቄውን አወቀችው። ይህ በፈተናው ጠዋት ቁጥሮቹ አላምር ብለዋት የለወጠችው ረቂቅ ነው። ከመለወጡ በፊት ስሕተት እንድታርምላት ያሳየችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ወረቀቱን አዙራ ገፋ አደረገችላት።

«ይሄማ ሰባት እና ኔጌቲቭ ሦስት አይደል?» አለች ባልንጀራዋ፣ እርሳስ እንኳ ሳታነሣ። «በጣም ቀላል ነው፤ ልጆቹ እንዴት አቃታቸው?»

«አላቃታቸውም» አለች መምህሯ። «ጥያቄው ነው ፈተናው ላይ ያልወጣው።»

ባልንጀራዋ ማኘኳን አቆመች።