ሃያ አምስቱና ስድስቱ

በሱቁ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ሁለት የቴሌስኮፕ የዓይን ሌንሶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ላይ 25፣ ሌላው ላይ 6 ተጽፏል። ሴትዮዋ የያዘችው ብር አንዱን ብቻ ይገዛል። ሃያ አምስቱ የሚሸጠው በስድስቱ ዋጋ ግማሽ ነው፤ ያልተዋጠላትም ይኸው ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። እሷ በምትሠራበት ማይክሮስኮፕ፣ የዓይን ሌንሱ ቁጥር በጨመረ መጠን ያጎላል። ታዲያ የሚበልጠው ለምን ረከሰ? ወይ ተጭሯል፣ ወይ የሌባ ዕቃ ነው። አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዘነብለዋለች። ጭረት የለውም። ሻጋታም የለውም። ይህ ደግሞ ጥርጣሬዋን ያባብሰዋል።

"እህቴ፣ እዚህ ዕቃ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚያጎላው" ይላል ባለሱቁ፣ በርጩማ ላይ ወደ ተቀመጠው አባቷ እያየ። "ለአባታችን ግን ሃያ አምስቱን ውሰጂ። ስድስቱ—"

"ውዱን ትተሽ ርካሹን ግዢ የሚል ነጋዴ ገና ዛሬ አየሁ።"

"ላስወድደው እንዴ?"

አባቷ በርጩማው ላይ ሆኖ ይስቃል። መነጽሩ ወፍራም ነው፤ ካወለቀው የሰው ፊት አይለይም። የሚመኘው ጨረቃን አንድ ጊዜ ከቅርብ ማየት ነው። ካላት ቴሌስኮፕ ጋር አብሮ በመጣው ሌንስ ስታሳየው፣ ጎንበስ ይልና "አየሁ፣ ተባረኪ" ብሎ ቀና ይላል። ቶሎ ቀና ማለቱ ሁልጊዜ ይከነክናታል።

ሳትሞክር ላለመክፈል ቴሌስኮፑን ተሸክማ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ትተክለውና ማዶ ካለው ፎቅ ጣሪያ፣ ከውሃ ታንከሩ ላይ ታነጣጥራለች። መጀመሪያ ስድስቱን ትሰካለች። የታንከሩ ክዳን፣ በቴሌስኮፑ እንደሚታይ ነገር ሁሉ ተገልብጦ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ ዓይኗን ሞልቶ ይመጣል። ሰውዬው አልዋሸም፤ ያጎላል። እንግዲያው ጥሩውን ለሌላ ደንበኛ ሊያስቀር ነው።

"አባዬ፣ ና እስቲ።"

አባቷ ጎንበስ ሲል መነጽሩ ከሌንሱ ጋር ይጋጫል። "አየሁ።"

"ምን አየህ?"

"ታንከር ነዋ።"

"ታንከሩማ ከዚህም ይታያል። እንዴት ሆኖ ነው የሚታየው?"

አባቷ ጫማውን ያያል።

"ጨረቃንም እንዲህ ነው ያየኸው?"

"ለፍተሽ፣ ተሸክመሽ... ደስ ይበልሽ ብዬ እንጂ።"

ባለሱቁ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ስድስቱ ዓይን ካልተለጠፈበት አያሳይም። መነጽር ላደረገ ሰው አይሆንም። ልናገር ስል መች አስጨረስሽኝ?"

አሁንም አላመነችውም። ስድስቱን ነቅላ ሃያ አምስቱን ትሰካለች፤ ምስሉን ታስተካክልና ለአባቷ ቦታ ትለቃለች። ስለ መገልበጡ አንዳች አትነግረውም፤ በእውነት ካየ ራሱ ይናገራል።

አባቷ ጎንበስ ይላል። ቀና አይልም። መኪና ያልፋል፣ ሌላ መኪና ያልፋል፤ ቀና አይልም።

"ኧረ ጉድ!" ይላል በመጨረሻ። "ታንከሩ ጋ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ምን ነካው? ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ቧንቧ ይፈታል እኮ! እንዴት አይወድቅም?"

ባለሱቁ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት በእጇ ዝም ታሰኘዋለች። ጉንጯን ወደ አባቷ ጉንጭ አስጠግታ በጎን ትመለከታለች። መነጽሩ እንደ ቅድሙ ከሌንሱ አልተጋጨም፤ በመካከላቸው አምስት ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ።