ድንኳኑ ከሞላ

ሸጊቱ ፈየራ በላፍቶ ጊታር ይዛ ራሷ የደረሰችውን ዘፈን በመዝፈን አንደኛ ነበረች። ሁለተኛ አልነበረም። «ተወዳዳሪ በሌለበት አንደኛ ነኝ» እያለች ራሷ ላይ ትስቅ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ካሴት ለማሳተም ሙዚቃ ቤቶችን ዞራለች። ሁሉም ያሏት አንድ ነው፤ ኪቦርድ ጨምሪበት። አንዱማ ሁለት ዘፈን ቁጭ ብሎ ከሰማ በኋላ «ጥሩ ነው፤ ሙዚቃው መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቃት። ይህንንም ለሰው ሁሉ የምታወራው እሷው ነበረች።

አባቷ አቶ ፈየራ ግን አይስቁም። ከወለጋ ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ላፍቶ ቤት ሠርተው ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። እሁድ እሁድ ቤተሰባቸውን አስከትለው ጸሎት ቤት ስለሚሄዱ፣ ሰፈሩ ስማቸውን ሳያጠና «ጴንጤዎቹ» ብሎ ጨርሶ ነበር። እድር ግን አስገብቷቸዋል።

ለሸጊቱ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ የጸሐፊነት ቦታ አግኝተውላታል። ሰኞ ትጀምራለች ተብሏል። ጊታር ይዞ የታይፕ መኪና ፊት መቀመጥ እንደማይቻል ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው።

«አባዬ፣ አንድ ዕድል ብቻ ስጠኝ» አለች። «እሁድ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተክዬ በነጻ እዘፍናለሁ። ድንኳኑ ከሞላ ዘፈኑን እቀጥላለሁ። ካልሞላ ሁለተኛ ጊታር አልነካም።»

«ከሞላማ ካሴቱን እኔው አሳትምልሻለሁ» አሉ አቶ ፈየራ። አንድም ሰው እንደማይመጣ እርግጠኛ ስለነበሩ ቃል መግባቱ አልከበዳቸውም።

ጓደኛዋ ቲና ማስታወቂያ በእጇ ጽፋ እስከ መካኒሳ አቦ ድረስ በየስልክ እንጨቱ ለጠፈች። ቅዳሜ ማታ የጣለው ዝናብ አንዱንም አላስተረፈም።

እሁድ ጠዋት ሁለቱ ልጃገረዶች ፊታቸው ጠቁሮ ድንኳን ለመዋስ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄዱ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጋሽ ከበበው ነገር የሚያበዙ ሰው ናቸው ይባላል፤ ያን ዕለት ግን አላበዙም።

«የአቶ ፈየራ ልጅ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ፈልገን ነበር።»

ጋሽ ከበበው ወዲያው ቁልፋቸውን አወጡ። ድንኳኑን የሚተክሉ ጎረምሶችም ጨመሩላቸው። «አይዞሽ፣ ልጄ» አሏት ትከሻዋን እየነኩ። ዝናዋ ከእሷ ቀድሞ ዕቃ ቤት መድረሱን ሸጊቱ ተረዳች።

ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ሸጊቱ፣ ቲናና ጊታሩ ብቻ ነበሩ። ጊታሩ ሦስተኛው ታዳሚ ሆኖ ተቆጠረ። አቶ ፈየራ በረንዳ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። ተከትለዋቸው ነጠላ የለበሱ እናቶች መጡ፤ የተወሰኑት የተከደነ ሰሃን ይዘዋል። ከዚያ ሰው ዝም ብሎ ይገባ ጀመር። የአቶ ፈየራን እጅ ጨበጥ እያደረገ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወንበር ይይዛል። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ድንጋይ ላይ የተቀመጡም ነበሩ።

ሸጊቱ ቲናን ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ለምነሽ ነው አይደል ያመጣሻቸው? የእናትሽ ማኅበርተኞች ናቸው።»

«ኧረ በናትሽ! እኔ አንዳቸውንም አላውቅም።»

«እንግዲያው አዝነውልኝ ነው የመጡት። ፊታቸውን አይተሽዋል?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ቢጠፋ ታለቅሻለሽ፣ ሰው ቢመጣ ትጠረጥሪያለሽ። ውጪና ዝፈኚ!»

ወጣች። አስቀድማ ያዘጋጀችውን ቀልድ ጣል አደረገች። ማንም አልሳቀም። በቀልዷ ድሮም የሚስቅ ስላልነበረ አልተደናገጠችም። አንድ ዘፈን ዘፈነች፤ ያጨበጨበ የለም። ሁለተኛውን ስትጨርስ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ። ቲና የሚያዝንላትን ሰው ሆን ብላ እንዳመጣች አሁንም እርግጠኛ ነበረች።

ሦስተኛው ዘፈኗ ላፍቶ ፌርማታ ላይ ሳይቆም ስላለፋት ሚኒባስ የጻፈችው ነው።

«ጥለኸኝ አለፍክ፣ ዞር ብለህ ሳታየኝ፣
መንገድ ዳር ቀረሁኝ፣ ማን ቤት ያድርሰኝ» ብላ ስትጀምር ከእናቶቹ አንዷ ተንሰቀሰቁ። ጎናቸው ያሉትም ተቀበሏቸው። ወዲያው ከፊት እስከ ኋላ እንባ ሆነ። ለታክሲ እንዲህ የተለቀሰበት ጊዜ እንደሌለ ሸጊቱ ልቧ ያውቃል፤ ግን መዝፈኗን ቀጠለች። ሰውን ለምኖ ማምጣት ይቻላል፣ ለምኖ ማስለቀስ ግን አይቻልም። ቲናን በሆዷ ይቅርታ ጠየቀች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

የመጨረሻውን ዘፈን ስትጨርስ አቶ ፈየራ በሰው መሀል እየተሽሎከለኩ አጠገቧ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ተሸንፌያለሁ» አሉ በጆሮዋ። «ሰኞ ቢሮ የለም። ካሴትሽን ልናሳትም አብረን እንሄዳለን። ልጄን ሳላውቃት ኖሬያለሁ።»

ሸጊቱ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ይህን ያዩ እናቶች እንደገና ተንሰቀሰቁ።

ሰው ለመሄድ ተነሣ። ጋሽ ከበበው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እሷ መጡና ሁለት እጇን ያዙ።

«እንዴት ነበር ጋሼ?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ከበበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «የጴንጤ ለቅሶ በጊታር መሆኑን ዛሬ አየሁ። ለመሆኑ የሞተባችሁ ማን ነው?»